ጥቁር ሲትኮሞች ከቴሌቪዥን የጠፉት ስላልተወደዱ አይደለም

አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን የማታ ፈረቃ ነበር የምሠራው። ቤት የምገባው ሌሊት ስድስት ሰዓት አልፎ ነው። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። በዚያ ሰዓት የሚታየው ወይ የመጥበሻ ማስታወቂያ ነው፣ ወይ የጥቁር ቤተሰብ ኮሜዲ። ላውንደሪ ከፍቶ የበለጸገው ጆርጅ ጀፈርሰን ትከሻውን እየነቀነቀ ይንጎራደዳል። ማርቲን ሎውረንስ ቀሚስ ለብሶ የራሱ ጎረቤት ሆኖ ይሳደባል። የእንግሊዝኛዬ ግማሹ ከዚያ የተለቀመ ነው። አንዴ ከማርቲን የሰማሁትን አባባል አለቃዬ ላይ ብሞክረው፣ ለአፍታ አፍጥጦ አየኝና በሳቅ ፈረሰ።

እነዚህ ድራማዎች በየሳምንቱ አዲስ የሚሠሩ ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬን «ቀጣዩ ሲዝን መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይሄ እኮ ካለቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል» አለኝ። የቀሩትንም አንድ በአንድ ሳጣራ፣ ሁሉም ያለቁ ናቸው። ጊዜው 2009 መገባደጃ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በትልልቆቹ ጣቢያዎች ላይ አዲስ ጥቁር ሲትኮም በፋኖስ ተፈልጎ በጭንቅ ነበር የሚገኘው።

የት ሄዱ? ብዙ ሰው «ሰለቹ፣ ቀልዱ አለቀ» ይላል። ነገሩ ግን ከቀልዱ ይልቅ ከሒሳቡ ጋር ነው የተያያዘው።

ሲትኮም ምንድን ነው? ኔትወርክስ?

ሲትኮም ሰዎቹና ቤቱ የማይለወጡበት፣ በየሳምንቱ ግን አዲስ ጣጣ የሚመጣበት የግማሽ ሰዓት አስቂኝ ድራማ ነው። «ቤቶች»ን ያየ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ጥቁር ሲትኮም» የሚባለው ደግሞ ዋናዎቹ ሰዎች ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑበት፣ ኑሮውም የእነሱው የሆነ ነው። አንድ ጥቁር ጎረቤት ብቅ ጥልቅ የሚልበት አይቆጠርም።

ኔትወርክ በየከተማው ካሉ ጣቢያዎች ጋር ተዋውሎ አንድ ፕሮግራም ለመላ አገሪቱ የሚያሰራጭ ድርጅት ነው። በአንቴና በነጻ ይገባል። ለብዙ ዓመታት ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ኤንቢሲ፣ ሲቢኤስና ኤቢሲ።

በነጻ ይገባል ካልን፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከተመልካቹ አይደለም። የሚከፍለው ሳሙናውን፣ መኪናውን፣ ቢራውን የሚያስተዋውቀው ድርጅት ነው። ደንበኛው እሱ ነው። እኛ ሶፋ ላይ የተቀመጥነው ሰዎች ዕቃው ነን፤ ተቆጥረን የምንሸጠው። ይህቺን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አጀማመሩስ እንዴት ነበር?

አያምርም። «አሞስ ኤንድ አንዲ» የሚባለው ዝግጅት በሬዲዮ ሁለት ነጮች ድምፃቸውን እንደ ጥቁር እያስመሰሉ የሚሠሩት ነበር። በ1951 ወደ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሲዛወር ተዋንያኑ ጥቁሮች ሆኑ፤ ቀልዱ ግን ያው ሰነፍና አጭበርባሪ ጥቁር ላይ የሚስቅ ነበር። የመብት ተሟጋቹ ማኅበር ኤንኤኤሲፒ ተቃወመ። በ1953 ቆመ፤ ድጋሚው ግን በየጣቢያው እስከ 1966 ሲታይ ቆየ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። በ1968 ዳያን ካሮል «ጁሊያ» ላይ ነርስ ሆና መጣች። ባሏ ቬትናም ላይ የሞተባት፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ የማንም ቤት ሠራተኛ ያልሆነች ሴት።

ሰባዎቹ ላይ ምን ተለወጠ?

ኖርማን ሊር የሚባል ነጭ ፕሮዲዩሰር ከባልደረባው ከበድ ዮርኪን ጋር በ1972 «ሳንፎርድ ኤንድ ሰን»ን ኤንቢሲ ላይ አመጣ። ፍሬድ ሳንፎርድ ሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ ሰፈር የሚኖር ቁራሌው ነው። ግቢው የዛገ ብረትና የተሰበረ ወንበር ሞልቶታል። ልጁ ላሞንት «ትቼህ እሄዳለሁ» ባለ ቁጥር ሽማግሌው ደረቱን ጨብጦ ይንገዳገዳል፤ ወደ ላይ አንጋጦ ሟች ሚስቱን ይጣራል። «ኤልሳቤጥ፣ መጣሁልሽ!» ላሞንት ዞር ብሎም አያየው። እኛም ቤት እኮ «ልሙትላችሁና ዕረፉ» የሚል አባት አይጠፋም። ለዚህ ነው መሰለኝ ቋንቋው ሳይገባኝ በፊት ቀልዱ የገባኝ።

ከዚያ በ1974 «ጉድ ታይምስ» ሲቢኤስ ላይ ተከተለ። ቺካጎ ውስጥ በመንግሥት ቤት የሚኖር ድሃ ቤተሰብ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ያለ አባት ነበር። ዋናዋ ተዋናይት ኢስተር ሮል አባት ከሌለበት አልሠራም አለች፤ አባት ገባ። ግን የሕዝቡን ዓይን የሳበው ትልቁ ልጅ ጄጄ ሆነ። ቀጭን፣ ለፍላፊ፣ በየክፍሉ «ዳይኖማይት!» ብሎ የሚጮህ። ጸሐፊዎቹም ወደሚያስቀው አደሉ። እናትና አባት ሆነው የሚሠሩት ሁለቱ ተዋንያን ልጁ ማላገጫ እየሆነ ነው ብለው ተከራከሩ። አባትየው ጆን ኤሞስ በ1976 ተሰናበተ። ድራማው ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ ተባለ። ኢስተር ሮልም በ1977 ጥላ ወጣች፤ ኋላ ላይ ብትመለስም። ያን ያህል ታግላ ያስገባችውን አባት አጥታ ማለት ነው።

«ዘ ጀፈርሰንስ» ከሁሉም ረጅም ዕድሜ አገኘ። ከ1975 እስከ 1985፣ አሥራ አንድ ሲዝን። የጆርጅን ሚስት ሉዊዝን የሠራችው ኢዛቤል ሳንፎርድ በ1981 በኮሜዲ ምርጥ መሪ ተዋናይት ተብላ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ስትሸለም የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ድራማው ግን የመዝጊያ ክፍል እንኳ ሳይሠራለት ተሰረዘ።

የኮስቢ ዘመን ለምን ተለየ?

በ1984 ኤንቢሲ ከሦስቱ ኔትወርኮች ሦስተኛ ነበር። መጨረሻ ማለት ነው። የሚያጣው ስላልነበረው ሞከረ። ኮሜዲያኑ ቢል ኮስቢ አባት ሆኖ የሚሠራበት «ዘ ኮስቢ ሾው» ብሩክሊን የሚኖር ቤተሰብ ነው፤ ሀክስታብሎች ይባላሉ። አባት የማህፀን ሐኪም፣ እናት ጠበቃ፣ አምስት ልጆች። ድህነት የለ፣ ቁራሌው የለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጥሩ ይናገራል። ለአምስት ተከታታይ ሲዝን አንደኛ ሆነ። በ1986/87 ሬቲንጉ 34.9 ደርሶ ነበር። ሬቲንግ ማለት ቴሌቪዥን ካላቸው መቶ ቤቶች ስንቱ ያንን ፕሮግራም እንዳየ የሚለካበት ነው። ከመቶው ሠላሳ አምስቱ ማለት ነው። ኤንቢሲ ከመጨረሻ ወደ አንደኛ ወጣ። «ኤ ዲፈረንት ወርልድ» የሚባል ሌላ ድራማ ከእሱ ተወልዶ የጥቁሮች ኮሌጅ ሕይወትን ሳሎን ድረስ አመጣ።

ተከራካሪዎችም ነበሩት። የጥቁሩን ችግር ደበቀ የሚሉ። ነገር ግን አንድ ትንሽ ነገር ልጥቀስ። በልጁ በቲዮ መኝታ ቤት በር ላይ «አፓርታይድ ይወገድ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። ኤንቢሲ አንሡት አለ። ኮስቢ እንቢ አለ። በዚያው ሰሞን ድራማው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በነጮቹም ቤት ሳይቀር ይታይ ነበር።

የመጨረሻው ክፍል የተላለፈበት ቀን ደግሞ ጉድ ነው። ሚያዝያ 29 ቀን 1992 ሮድኒ ኪንግ የሚባለውን ጥቁር ሰው የደበደቡት ፖሊሶች በፍርድ ቤት ነጻ ወጡ። ሎስ አንጀለስ ተቀጣጠለች። በማግስቱ ማታ የከተማው የኤንቢሲ ጣቢያ የቀጥታ ዘገባውን አቋርጦ የሀክስታብልን ቤተሰብ ስንብት አሳየ። በአንድ ስክሪን ላይ የሚነድ ሱቅ፣ ቀጥሎ የልጅ ምረቃ።

ዛሬ ድራማውን ስለ ሰውዬው ሳያስቡ ማየት ይከብዳል። ቢል ኮስቢ በ2018 በጾታዊ ጥቃት ጥፋተኛ ተብሎ ታስሮ፣ ፍርዱ በ2021 በፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሽሯል። ከዚያ አስቀድሞ ብዙ ጣቢያዎች ድጋሚውን አውርደውት ነበር።

ዘጠናዎቹ ላይ ያ ሁሉ ድራማ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ አራተኛው ኔትወርክ ይገባል፤ ፎክስ። የሚዲያ ከበርቴው ሩፐርት መርዶክ በኒውዮርክ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በቺካጎና በዋሽንግተን ጭምር ጣቢያ ገዛ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ቻናል 5 የምትሉት ያ ነው። በ1987 የማታውን ዋና ሰዓት ጀመረ። ችግሩ፣ ሰው ሁሉ በሦስቱ ተይዟል። ያልተያዘ ማን አለ? ጥቁር ቤተሰቦች። ከሌላው ይልቅ ብዙ ሰዓት ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ብዙዎቹ ፎክስ ጣቢያ ባለበት ከተማ ይኖራሉ፤ ኬብል፣ ማለትም በክፍያ የሚገባው ቴሌቪዥን፣ የሌለውም ብዙ ነው። በዚያ ላይ ለእነሱ ብሎ የሚሠራ ጥቂት ነው።

«ማርቲን» በ1992 መጣ። «ሊቪንግ ሲንግል» በ1993። ይኼኛው ብሩክሊን የሚኖሩ ስድስት ወጣቶች ነው፤ ኩዊን ላቲፋ ያለችበት። የፈጠረችው ኢቬት ሊ ባውዘር የራሷን የማታ ሲትኮም የፈጠረች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። በዓመቱ ኤንቢሲ ኒውዮርክ የሚኖሩ ስድስት ነጭ ወጣቶች ያሉበትን «ፍሬንድስ»ን አመጣ። የሁለቱም አምራች አንድ ነው፤ ዋርነር ብራዘርስ። «ተሰረቀ» የሚሉ አሉ፤ እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ዓለም የሚያውቀው የትኛውን እንደሆነ ግን መጠየቅ አያስፈልግም።

በ1995 ደብሊውቢና ዩፒኤን የሚባሉ ሁለት ኔትወርኮች ተጨመሩ። የፎክስን መንገድ ተከተሉ። «ሞይሻ»፣ «ስቲቭ ሃርቪ ሾው»፣ «ጄሚ ፎክስ ሾው»፣ «ዋያንስ ብራዘርስ»። በ1996 መኸር ኔትወርኮቹ ላይ ከደርዘን በላይ ጥቁር ሲትኮም ነበር። ሁሉም ጥሩ ነበር ብዬ አልዋሽም። «ሆምቦይስ ኢን አውተር ስፔስ» የሚባለውን፣ ሁለት ጎረምሶች በጠፈር በመኪና የሚንከራተቱበትን፣ አሥር ደቂቃ ያየ ሰው ይቅር ይለኛል።

ታዲያ ማን ገፋቸው?

አንድ ሰው አዲስ ሰፈር ምግብ ቤት ከፈተ እንበል። ትልልቆቹ ሆቴሎች ሀብታሙን ይዘውታል። ስለዚህ እሱ የቀን ሠራተኛውን፣ የታክሲ ሾፌሩንና ረዳቱን ዓይቶ ሽሮና በያይነቱ በደህና ዋጋ ያቀርባል። ቤቱ ይሞላል። ስሙ ይወጣል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያድሰዋል። ሜኑው እንግሊዝኛ ይሆናል፣ ሽሮው «ስፔሻል» ተብሎ ዋጋው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሾፌሩን ማንም አላባረረውም። በሩ ላይ ሲደርስ ግን የእሱ ቤት እንዳልሆነ ይገባዋል።

ፎክስ በታኅሣሥ 1993 የአሜሪካን ፉትቦል የማስተላለፍ መብት ከሲቢኤስ ነጠቀ። ለአራት ዓመት 1.58 ቢሊዮን ዶላር። ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣ ጣቢያ የሚፈልገው አገር ምድሩን፣ በተለይም ነጩን ወንድ ተመልካች ነው። በ1994 «ሮክ»፣ «ሲንባድ ሾው»ና «ሳውዝ ሴንትራል» በአንድ ሰሞን ተሰረዙ። «ማርቲን» እስከ 1997፣ «ሊቪንግ ሲንግል» እስከ 1998 ቆዩ።

ደብሊውቢም ያንኑ አደረገ። በነጭ ታዳጊዎች የፍቅር ድራማ ሲቀናው፣ ጥቁር ኮሜዲዎቹን ቀስ በቀስ ከፕሮግራሙ አስወጣ። በ1999 አራቱ ትልልቅ ኔትወርኮች ለመኸር 26 አዳዲስ ድራማ ሲያስተዋውቁ፣ አንዱም ጥቁር ወይም ሌላ ከአናሳ ወገን የሆነ መሪ ተዋናይ አልነበረውም። የኤንኤኤሲፒ መሪ ክዌሲ ምፉሜ ቦይኮት እንጠራለን ብለው እስኪነሱ ድረስ ማንም ያስተዋለው አይመስልም።

ግን ሰው ካየው ለምን ይሰረዛል?

ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ዕቃው እኛ ነን። ዕቃ ደግሞ እኩል አይሸጥም። አስተዋዋቂው ስንት ሰው አየ ብቻ ሳይሆን፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ኪሱ ውስጥ ስንት አለ ብሎ ይጠይቃል። ጥቁር ተመልካች ርካሽ ተብሎ ይገመት ነበር። ስለዚህ ሦስት ሚሊዮን ጥቁር ተመልካች ያለው ድራማ፣ ሦስት ሚሊዮን ነጭ ተመልካች ካለው ያነሰ የማስታወቂያ ዋጋ ያስገባል። «እነሱ ብዙ ቴሌቪዥን ስለሚያዩ በሌላውም ፕሮግራም እናገኛቸዋለን» የሚል ስሌትም አለ። ታማኝ መሆን ዋጋ ሲያስቀንስ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ሲንዲኬሽን ይባላል። መቶ ክፍል ገደማ የሞላ ድራማ ለየጣቢያው ለድጋሚ ይሸጣል። እኔ ሌሊት የማየው እሱ ነበር። ከ1970 ጀምሮ በነበረው ደንብ ኔትወርኮች የማታ ድራማዎቻቸውን የድጋሚ ትርፍ መያዝ አይችሉም፤ ትርፉ የአምራቹ ነበር። ደንቡ በዘጠናዎቹ አጋማሽ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ የራሱን እህት ኩባንያ ድራማ ማስቀደም ያዋጣዋል። ትንንሽ ነጻ አምራቾች በሩ ጠበባቸው። በ2000 ደግሞ «ሰርቫይቨር» መጣና ያለ ጸሐፊ፣ ያለ ውድ ተዋናይ፣ ሰው ደሴት ላይ ጥሎ በመቅረጽ ብቻ ሚሊዮኖችን መሳብ እንደሚቻል ታየ። ሲትኮም ራሱ፣ ነጩም ጥቁሩም፣ ቦታ ማጣት ጀመረ።

የመጨረሻው ምሽግ

ዩፒኤን ብቻ ቀረ። ሰኞ ማታ የጥቁር ኮሜዲ ማታ ነበር። «ዘ ፓርከርስ»፣ «ሃፍ ኤንድ ሃፍ»፣ ከሁሉም በላይ «ገርልፍሬንድስ»፤ ማራ ብሮክ አኪል የጻፈችው፣ ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ አራት ሴት ጓደኛሞች። በጥር 2006 ዩፒኤንና ደብሊውቢ ሊዋሃዱ ነው ተባለ። በመስከረም ሲደብሊው የሚባል አንድ ኔትወርክ ሆኑ። ሁለት ቤት ወደ አንድ ሲጠቃለል ዕቃ ይጣላል፤ «ሃፍ ኤንድ ሃፍ» ከተጣሉት አንዱ ነበር።

«ገርልፍሬንድስ» ተረፈ፤ ግን ለሁለት ዓመት። በ2007/08 የጸሐፊዎች አድማ ሥራ አስቆመ። አድማው ሲያበቃ ሲደብሊው ድራማውን አልመለሰውም። ስምንት ሲዝን፣ 172 ክፍል፣ ስንብት የለም። በ2009 «ዘ ጌም»ና «ኤቭሪባዲ ሄትስ ክሪስ» አበቁ። እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጥኩት በዚያ ዓመት ነው።

ተመልካቹ ሰልችቶት ቢሆንስ? እስቲ ይህን ተመልከቱ። ሲደብሊው የጣለውን «ዘ ጌም» ቢኢቲ የሚባለው የኬብል ጣቢያ አንሥቶ በጥር 2011 መለሰው። የመጀመሪያውን ማታ 7.7 ሚሊዮን ሰው አየው።

ዛሬስ?

በ2014 ኤቢሲ «ብላክኢሽ»ን ጀመረ፤ እስከ 2022 ቆየ። በታኅሣሥ 2021 ደግሞ «አቦት ኤለመንተሪ» መጣ። ፊላደልፊያ ያለ፣ በጀት የጎደለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ፈጣሪዋም መሪ ተዋናይቷም ክዊንታ ብራንሰን ኤሚ ወስዳበታለች። ጥሩ ነው። ግን እነዚህ አንድ አንድ ናቸው። የሰኞ ማታ ዓይነት፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚቀጥልበት፣ ጀማሪ ጸሐፊ ተበላሽቶበት ደግሞ የሚሞክርበት ምሽት አልተመለሰም። የፈጠራው ክብደት ወደ ኬብልና ወደ ኦንላይን ሄዷል፤ «ኢንሴኪዩር» ኤችቢኦ ላይ፣ «አትላንታ» ኤፍኤክስ ላይ። እዚያ ደግሞ ማየት የሚችለው የከፈለ ነው። ነጻው አንቴና ላይ የነበረው ሰው ሒሳብ ተጨመረበት።

በ2020 ኔትፍሊክስ የዩፒኤንን ዘመን ሰባት ድራማዎች ገዝቶ ሲያወጣ «ሞይሻ»ም «ገርልፍሬንድስ»ም ነበሩበት። ያኔ የፈረቃ ሥራ ትቼ ነበር። ቢሆንም አንድ ሌሊት ተቀምጬ «ገርልፍሬንድስ»ን እስከ መጨረሻው ተከተልኩት። 172ኛው ክፍል ያልቃል፣ ስም ዝርዝሩ ይወርዳል፣ ቀጣዩን ልጫን ብላችሁ ብትፈልጉ የለም።

አራቱ ሴቶች አንድ ላይ የታዩት በጥቅምት 2019 ነው፤ ከመካከላቸው ትሬሲ ኤሊስ ሮስ መሪ በሆነችበት በ«ብላክኢሽ» አንድ ክፍል ላይ። የድሮ ስማቸው ግን አልተጠራም። በሌላ ሰው ድራማ፣ ሌሎች ሴቶች ሆነው ነበር የመጡት።